ሚስቶቻቸው ያላወቋቸው ባሎች

ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ያቆመው እግሩ አልቆምም ስላለ ነው እንጂ እጁ ደህና ነበር። ይህን ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። «እጄ ምንም አልሆነም፤ እግሬ ነው» ይልና ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ያሳያል፤ እውነትም ንቅንቅ አይሉም። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ወንበር ኋላ ቆሞ ሲቆርጥና ሲላጭ በመኖሩ የእግሩ ሥሮች ተገታትረው ገመድ መስለው ነበር። ሐኪሙ ሱሪውን ሰብስቦ ሲያያቸው ራሱ ደነገጠና «ከዛሬ ጀምሮ መቆም የሚባል ነገር የለም!» አለው። እሱም ሱቁን አጠገቡ ቆሞ ሙያውን ለተማረው ልጁ ለቀቀለት፤ መቀሱንና ቶንዶሱን አስረከበ፤ ቤቱ ገብቶም ቁጭ አለ። ጉዱ የጀመረው ያኔ ነው።

ባለቤቱ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ባል ለምዳ የኖረች ሴት ናት። አሁን በአንድ ጊዜ ሙሉ ሰው ቤቷ ውስጥ ተተከለባት። ድስት ስትከፍት ይመጣል፤ መሳቢያ ስትስብ ይመጣል። «ይሄን ማንኪያ ለምን እዚህ ታደርጊዋለሽ?» ይላል፣ ማንኪያው ልጆቻቸው ሳይወለዱ ጀምሮ እዚያው የኖረ መሆኑን ረስቶ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ዓይኑ ከእንግዳው አንገት ላይ አይነሳም። አንድ ቀን ሊጠይቃት የመጣውን የወንድሟን ልጅ፣ ያ የተከበረ ሰውዬ ገና ቁጭ ከማለቱ፣ «ከኋላህ ያለውን ማነው እንዲህ ያበላሸብህ?» ብሎ በሰው ፊት አሸማቀቀው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው እንግዳው እንደወጣ፣ «አንድ ነገር ካልያዝክ አንዳችን እንሞታለን። ማንኛችን እንደሆንን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።»

ድሮ ቢሆን እንዲህ ሲጠበው ወደ ዝምተኛው ቤት ይሻገር ነበር። ዝምተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ያወጡለትም አንድም ቀን ዝም ብሎ ስለማያውቅ ነው። መሪውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ በስተቀኙ ባለው በር ለሚገባ ተሳፋሪ ሁሉ በከንፈሩ ጫፍ ወሬ ሲያቀብል ስለኖረ አፉ በዚያው ወደ ተሳፋሪው ወገን አዘንብሎ ቀርቶ ነበር። ሲስቅም ወደዚያ፣ ሲቆጣም ወደዚያ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን በለቀቀበት ዕለት የመጨረሻውን ፀጉር የቆረጠው ለእሱ ነው፤ ሲቆረጥ ሙሉውን ሰዓት አውርቷል። ወር ሳይሞላ ዝምተኛው በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ፣ አንድ ወሬ ጀምሮ ሳይጨርሰው ሞተ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው። መልስ ስታጣ ነው ክው ያለችው። ዝም ብሎ አያውቅማ።

ፀጉር አስተካካዩ በቀብሩ ላይ እንባ እምቢ አለው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ደርቆ ቆሞ የሟቹን ጎረቤት የፀጉር አቆራረጥ ይመለከት ነበር አሉ። እኔ አልፈርድበትም። ድንጋጤ ሲበዛ ሰው የለመደውን ነገር ነው የሚያየው።

ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ እግሩን ትቶ ፊቱን አየና «የሚያስደስትህ ነገር ፈልግ፤ ሰው የሚዝናናበት ዓይነት» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ተሰድቦ እንደሆነ ሁሉ ቀና አለ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ልጫወት?» ባለቤቱ ግን ቃሉን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ያዘችው።

መጀመሪያ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ወደ ሐይቅ ወሰደውና መንጠቆ አስያዘው። ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ዓሣው ዝም፤ ፖስተኛው ዝም። ዕድሜ ልኩን እየሠራ ሲያወራ ለኖረ ሰው ይህ ቅጣት ነው። ወደ ማለቂያው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ስለ መንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አንድ ጥያቄ ቢያነሳ ፖስተኛው በጣቱ አፉን መታ መታ አድርጎ «እሽሽ! ይሸሻሉ» አለው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን በዓይኑ አላየውም።

ቀጥሎ አትክልተኛ ሆነ። ከጎረቤታቸው የሚያዋስናቸውን የቁጥቋጦ አጥር ሊከረክም የልጁን አሮጌ መቀስ ይዞ ወጣ። ባለቤቱ ጥሩ ነው ብላ ወደ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ጎረቤታቸው ጡረተኛው ዳይሬክተር በሩ ላይ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ አጥሩን ያያል። አጥሩ ጎኖቹ እስከ ቆዳው ተላጭተው፣ አናቱ ላይ ብቻ ተትቶለት፣ ከፊት በኩል ደግሞ ወደ አንድ ወገን ተበጥሯል። «ፋሽኑ ይሄ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ላቡን እየጠረገ። ዳይሬክተሩ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አይወጣም።

ባለቤቱ ይህን ካየች በኋላ ፈቃዱን መጠየቁን ተወችው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ለአዛውንት የሥዕል ትምህርት እንደሚሰጥ ሰምታ፣ ሳትነግረው አስመዘገበችው፤ ኮቱን አልብሳም በሩ ድረስ ሸኘችው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ያሉበት፣ የወረቀት አቧራ የሚሸት ክፍል ነው። መምህርቷ የልጅ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ፊታቸው አንድ ፖም አስቀመጠችና «ያያችሁትን ሳሉ» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ፖሙን እያዞረ አየው፤ ላዩ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ እርሳሱን ልክ እንደ ምላጭ በሦስት ጣቱ ይዞ መሳብ ጀመረ። መምህርቷ ስትዞር ስትዞር እሱ ጋ ደረሰችና ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሰው ጭንቅላት ነው።»

«ገና ነው» አላትና ጆሮ ጨመረለት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ደንግጦ የገዛ እጁን ያይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ጆሮ ዝም ብሎ ጆሮ አይደለም፤ ጫፉ ወጣ ያለ፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለበት የደንበኛው፣ የሰፈራቸው ባለሱቅ፣ ጆሮ ነው። ሳያስበው ነው የመጣለት። ጆሮው አገጭ ጠራ፤ አገጩ ጉንጭ ጠራ፤ ትምህርቱ ሳያልቅ ባለሱቁ ሙሉ ፊቱን ይዞ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ለካ እነዚያ ሁሉ ፊቶች ውስጡ ተቀምጠው ኖረዋል፤ መቼስ ማን ውጡ ብሎ ጠየቃቸው? በዚያ ቀን ቤቱ ሲገባ ስለ ማንኪያም ስለ ድስትም አንድ ነገር አላለም። ባለቤቱ ታመመ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

በማግስቱ ሥዕሉን ለባለሱቁ ወሰደለት። ባለሱቁ አየውና ሚዛኑን ለቆ በሁለት እጁ ወረቀቱን ያዘ። «ጋሼ! ይሄ እኔ ነኝ! ቁርጥ እኔ!» እየጮኸ ሚስቱን ከጓዳ ጠራት። ሚስቱ እጇን እየጠረገች መጣች፤ አየችው፤ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ማነው ይሄ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ አይደለህም። ወንድም ቢኖርህ ኖሮ እሱ ነው እል ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሰውየውን የገዛ ሚስቱ አላወቀችውም ማለት ምን ማለት ነው? የራሱ የሰውየው ምስክርነትስ? እሺ ይሁን ብሎ ፖስተኛውን ሳለ። ፖስተኛው በደስታ ዘለለ፤ የፖስተኛው ሚስት «የሚያውቁት ሰው ነው?» ስትል ጠየቀች። ዳይሬክተሩን ለአጥሩ ካሣ እንዲሆን ብሎ ሳለው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «እንዲህ አድርጎ የተረዳኝ ሰው የለም» አለ፤ ሚስቱ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና «የተረዳውስ ሌላ ሰው ነው» ብላ ገባች። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ መስቀል ይፈልጋል፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው አይሰቀልም ትላለች። በዚህ የተነሳ ሳምንት ሙሉ የተኳረፉ ነበሩ።

ፀጉር አስተካካዩ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ማታ ራት ላይም ባይናገረው በሚሻለው ቦታ ተናገረው።

«እናንተ ሴቶች ባሎቻችሁን አይታችሁ አታውቁም።»

ባለቤቱ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እንዴት አልከኝ?»

«ቀረብ ብላችሁ አይታችሁን አታውቁም ነው የምለው። እኔ የባለሱቁን ፊት ከሚስቱ የበለጠ አውቀዋለሁ። ይሄው ራሱ መሰከረ!»

«እሺ» አለች፣ የሷ እሺ ደግሞ የሚያስፈራ እሺ ነው፣ «ፊቴን ሳታይ ንገረኝ፤ ከሁለቱ ቅንድቦቼ ከፍ የሚለው የቱ ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሳህኑ አየ። ከፍ የሚል ቅንድብ እንዳላት ራሱ አያውቅም ነበር።

የዝምተኛው ሚስት በሩን ያንኳኳችው ወሬው እሷ ጋ ሲደርስ ነው። በሐዘኑ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት አሁን ከስታ፣ ልብሷ ሰፍቷት ነበር። ከቦርሳዋ አራት አምስት ፎቶ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በሁሉም ላይ ዝምተኛው እንደተከሰሰ ሰው ቀጥ ብሎ፣ አፉን ግጥም አድርጎ ቆሟል።

«ወንድምዓለም፣ አየኸው? ፎቶ ሊያነሱት ሲሉ ይፈራ ነበር። በሕይወቱ አፉን የዘጋው ካሜራ ፊት ብቻ ነው፤ የቀረልኝ ደግሞ እሱ ብቻ ሆነ።»

«ደህና ፎቶዎች ናቸው እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ዝም ያለውን ሰውዬ እኔ አላውቀውም!» አለች ፎቶዎቹን ገፍታ። «መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነበር የሚመጣልኝ፤ አፉን ጣል አድርጎ ሲስቅ። አሁን የሚመጣብኝ ይሄ ፎቶ ነው። በየቀኑ እየራቀኝ ነው። የሚያወራውን ባሌን ጨርሼ ሳልረሳው ሳልልኝ። የሱን ፊት ካንተ በላይ የነካ የለም።»

ፀጉር አስተካካዩ በድንጋጤ ባለቤቱን አየ፤ ባለቤቱ መሬት መሬት ታያለች። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ባለሱቁን ያላወቀች ሚስት ብትስቅ ያልፋል፤ ይህችኛዋ ባታውቀውስ? ግን እንዲህ ብላ የለመነችን ሴት እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ? «እሺ እህቴ» አላት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ያን አፍ በምላጭ ዙሪያውን ሲዞር የኖረ ሰው ነው፤ ዝምተኛው ሲላጭም አያቋርጥምና፣ ምላጩን የሚያሳልፈው በሁለት ቃል መካከል ትንፋሽ ሲስብ ጠብቆ ነበር። የከንፈሩ ጫፍ የት ላይ እንደሚነሳ፣ ጉንጩ ላይ የትኛዋ መስመር ቀድማ እንደምትታጠፍ እጁ ያውቃል። ሆኖም እየሳለ ላጲሱን አንስቶ ያጠፋል፤ እንደገና ይስላል፤ ያጠፋል። ለባለቤቱ እንኳ አላሳየም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሥዕል ክፍሉ ውስጥ የከንፈሩን ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ሲስበው ዝምተኛው በድንገት ወረቀቱ ላይ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። መምህርቷ ሮጣ መጣች፤ ሰውየውን አይታው አታውቅም፤ ግን አፏን በእጇ ያዘች። «አባባ፣ ሊናገር ነው እኮ!» አለች። በመንገዱ ላይ ሱቁ ገብቶ ለልጁ ቢያሳየው ልጁ ቶንዶሱን አጥፍቶ «አባዬ፣ ራሱ ነው! በስማም፣ ራሱ!» ሲል ጮኸ። ከዚህ በኋላ ምን ጥርጣሬ አለ?

ከባለቤቱ ጋር ሆነው ለዝምተኛው ሚስት ወሰዱላት። ወጥ ቤቷ ውስጥ ለሁለት ሰው የምትሆን ጠረጴዛ አለች። እሷ ሁልጊዜ በአንዱ ወገን፣ እሱ ከፊት ለፊቷ ነበር የሚቀመጡት፤ በሩ በግራዋ፣ ምድጃው በቀኝዋ በኩል ነው። ሥዕሉን ተቀብላ በባሏ ወንበር መደገፊያ ላይ አቆመችው፣ ዞራ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ ፀጉር አስተካካዩ በዓይኑ አየ።

«ምነው?» አለ።

«ወንድምዓለም...»

«ምነው ንገሪኝ!»

«ፀጉሩ የሱ ነው። ዓይኑም የሱ ይመስላል። ግን እሱ አይደለም።» ለመረዳት እየታገለች ጣቷን ቀሰረች። «አፉ። ባሌ እዚያ ሲቀመጥ አፉ የሚያዘነብለው ወደ በሩ ነበር። ይሄ ሰውዬ ወደ ምድጃው ነው የሚያዘነብለው።»

የፀጉር አስተካካዩ ደም ፈላ። «ይሄን አፍ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ የላጨሁትን? ወደዚህ ነው የሚያዘነብለው! እጄ ያውቀዋል!» ወደ ባለቤቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪያት እንጂ!»

ባለቤቱ ሥዕሉን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። አየችው፤ የዝምተኛውን ሚስት አየች። «ይመስላል» አለች በቀስታ።

ከሁሉም የጎዳው ይህ ቃል ነው። አይደለም ብትለው ይከራከራት ነበር። የዝምተኛው ሚስት ሰው ላለማስቀየም «እጅህ ይባረክ፣ ደክመሃል» እያለች ወረቀቱን ጠቅልላ መለሰችለት፤ እንባዋ ግን ሳይደበቅ ይወርድ ነበር። «እኔ ነኝ የረሳሁት ይሆናል» አለች። «ይሄ እሱ ከሆነና እኔ ካላወቅኩት፣ በቃ ረስቼዋለሁ ማለት ነው።» ፀጉር አስተካካዩ የመጣው ባሏን ሊመልስላት ነበር፤ የቀራትን ጨምሮ ወሰደባት።

በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ ወጣ። እርሳሱንና ላጲሱን የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሏቸዋል። ሥዕሉን ግን መቅደድ አልሆነለትም፤ የዝምተኛውን ፊት በምን እጁ ይቅደድ? ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ያረጁ ፎጣዎች የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን አለ፤ እዚያ ሊከተው አሰበ።

ሱቁ ያው ነው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ትልቅ መስታወት፣ ከፊቱ ሦስት ወንበሮች፣ የኮሎኝ ሽታ። ልጁ መሬቱን ይጠርጋል፤ ደንበኛ ገና አልገባም። ፀጉር አስተካካዩ የዝምተኛው መቀመጫ በነበረው በበሩ በኩል ባለው ወንበር አጠገብ ሲያልፍ እግሩ ያዘው። ትንሽ ልረፍ ብሎ ቆመ። ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብሎም ሥዕሉን ፈታና ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጎ በራስ ማስደገፊያው ላይ አቆመው፤ እሱም እንደ ድሮው ከወንበሩ ኋላ ቆመ። እጁ ሳያዘው ወደ ማበጠሪያው ሄደ። ቀና ብሎ መስታወቱን አየ።

መስታወቱ ውስጥ የማያውቀው ሰው ተቀምጧል።

ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየ፦ ዝምተኛው። ቀና ብሎ መስታወቱን አየ፦ ሌላ ሰው፤ ዝምተኛውን የሚመስል፣ ዝምተኛው ያልሆነ። «ልጄ፣ ና እስቲ እይ» አለ። ልጁ መጥረጊያውን እንደያዘ መጣና ሁለቱንም አየ።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው። መስታወት ውስጥ ያለው... እንጃ፣ ይሄን ሰው አላውቀውም።»

ይህን ሲባባሉ ባለቤቱ ደረሰች፤ ቁርስ ሳይበላ በመውጣቱ በሳህን ሸፍና ይዛለት መጥታ ነው። በሩን ገፍታ ስትገባ ዓይኗ ቀድሞ ያረፈው መስታወቱ ላይ ነው።

«ውይ በሞትኩት!»

ሳህኑ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

«ምን ሆንሽ?»

«ዝምተኛው!» ጣቷን ቀሰረች። «እሱ ነው! መስታወቱ ውስጥ! ራሱ!»

«መስታወቱ ውስጥ ያለውማ እሱ አይደለም» አሉ አባትና ልጅ በአንድ አፍ።

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን አየ፤ ልጁን አየ፤ መስታወቱን አየ። ከዚያ ልጁን በሁለት ትከሻው ያዘና ጀርባውን ለመስታወቱ አሰጥቶ ፊት ለፊት ወደ ራሱ አዞረው። ይህ ልጅ ስንት ዘመን አጠገቡ ቆሞ ሠርቷል፤ ሲነጋገሩ የሚተያዩት ግን በመስታወቱ ውስጥ ነበር። ልጁ ሕፃን ሆኖ ወድቆ ያገኘው ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ሁልጊዜ በሚያውቀው ወገን አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ነው ያስደነገጠው። ደንበኛ ጀርባውን ለአስተካካዩ፣ ፊቱን ለመስታወቱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሲላጭም እሱ ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ከመስታወቱ አያነሳም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ፊት ትኩር ብሎ ያየው መስታወት ውስጥ ብቻ ነው፤ መስታወት ደግሞ ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ወደ በሩ ያዘነበለውን አፍ ወደ ምድጃው አድርጎ። ከዝምተኛው ጋር መንገድ ላይ ሲሄዱም ሆነ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ጎን ለጎን ሆነው፣ መንገዱን እያዩ ነበር የሚያወሩት። ባለሱቁም፣ ፖስተኛውም፣ ዳይሬክተሩም «ቁርጥ እኔ» ያሉት ለዚህ ነው፤ ሰው የገዛ ፊቱን የሚያውቀው በመስታወት ብቻ ነዋ። ሚስቶቻቸው አላወቋቸውም፤ እነሱ ባሎቻቸውን ፊት ለፊት አይተው ያውቃሉና።

«ለካ አንድም ሰው ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም» አለ። «አንድም ሰው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለቤቱ ይህን አጋጣሚ አታሳልፈውም ነበር። አሁን ግን የተሰበረውን ሳህን እንኳ ሳታነሳ ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች ወጣች። ጥቂት ቆይታ የዝምተኛውን ሚስት እጇን ይዛ እየጎተተች አመጣቻት። ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም፤ ሴትየዋ ሰው የሞተ መስሏት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ምን መጣ? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አትበይ» አለቻት የፀጉር አስተካካዩ ባለቤት። ወስዳ ከወንበሩ ኋላ አቆመቻትና አገጯን ይዛ ወደ መስታወቱ ቀና አደረገቻት።

የዝምተኛው ሚስት አየች። ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተነሳ፣ ቤቷ በሩ ወዳለበት ወገን፤ መስታወት ውስጥ ያለው አፍም ወደዚያው አዘንብሎ ሊናገር ነው። ከዚያ ሴትየዋ፣ አምሽቶ የገባ ባሏን በምትቆጣበት ድምፅ፣ «የት ቆየህ አንተ?» አለችው።

የዚያን ጊዜ ነው ፀጉር አስተካካዩ ለቀብሩ እምቢ ያለው እንባ የመጣለት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የደንበኛ ፎጣ አንስቶ ፊቱን ሸፈነ። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የሱቁን በር ዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ሲረጋጋ ፎጣውን ከፊቱ አነሳ። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። አሁን ገብቶኛል። ገልብጬ በትክክለኛው በኩል እስልልሻለሁ፤ ይሄን ወዲያ እንጣለው» አላት።

«አይጣልም!» አለች፣ ሥዕሉን ከወንበሩ ላይ ፈጥና አንስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ። ከዚያ ራቅ አድርጋ ያዘችውና ትናንት ያላወቀችውን፣ አፉ ወደ ምድጃው ያዘነበለውን ሰውዬ አሁን በእርጋታ ተመለከተችው። «ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መስታወቱ ፊት ቆሞ ያወራ ነበር። ሌላ የሚያወራው ሰው ሳይነሳለት ማለት ነው። ከመኝታ ቤት ሆኜ 'ከማን ጋር ነው የምታወራው?' እለዋለሁ። 'ከዚህ ሰውዬ ጋር' ይለኛል። በየቀኑ። ከዚህ ሰውዬ ጋር።»

በአውራ ጣቷ የወረቀቱን ጠርዝ ዳበሰችው።

«ለካ ሰውየው ይሄ ነው» አለች። «አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።»

ሥዕሉን ወሰደችው፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሰቀለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ ሲገባ እርሳሱንና ላጲሱን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አወጣ። ወንበር ስቦ ባለቤቱ ፊት ለፊት አስቀመጠና ቁጭ ብሎ ያያት ጀመር። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

ዓይኑ ቅንድቦቿ ላይ ነበር። እንዲህ አድርጎ አይቷት ስለማያውቅ ደንግጦ ነበር።